ቪዲዮውን ይዘው ይግቡ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ የሕመም ስም ባለሙያ ፊት ሲቀርብ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ፣ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ፈልጎ የሚመጣ ሰው የሚናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ተለውጧል። ቀድሞ «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ድው ድው ይልብኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነበር። አብዛኛው ሰው የሚመጣውም ጠበል ተጠምቆ፣ ወዳጃ (በወሎ የተለመደ የጋራ ጸሎት) ተቀምጦ፣ ዱዓ አስደርጎ፣ ዘመድ አማክሮ ሲያበቃ ነው። ዛሬ በተለይ ወጣቱ የሕመሙን ስም ይዞ ይገባል፦ «ኤዲኤችዲ አለብኝ» (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ሕመም)፣ «ትራውማ ነው» (ከአሰቃቂ ክስተት የሚቀር የአእምሮ ቁስል)፣ «ባይፖላር ሳልሆን አልቀርም» (ስሜት ከልክ በላይ የሚግልበትና የሚወርድበት ሕመም)፣ «እናቴ ናርሲሲስት ናት» (ከራሷ ሌላ የማታይ)። ስሙን ያገኘው ከሐኪም ሳይሆን ከቲክቶክ፣ ከዩቲዩብ ወይም በቴሌግራም ከደረሰው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው።

ይህን እንደ ጥፋት አላየውም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እያልን ያደግን ሰዎች የአእምሮ ሕመም ላይ ስንደርስ ግን ለብዙ ዘመን ስንሸሽግ ኖረናል። አንዲት ልጅ እናቷ ፊት ተቀምጣ «ድብርት ይዞኛል» ማለት ከቻለች፣ ድፍረቱን የሰጣት ቪዲዮ ቢሆን እንኳን ደስ ይለኛል። ጉዳቱ የሚመጣው ስሙ የጥያቄ መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ የመጨረሻ መልስ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ታካሚው ስሙን የሚያጸድቅለት ሰው ፍለጋ ይዞራል፤ መድኃኒቱን ይጥላል፤ ባለሙያውም ተንቄአለሁ ብሎ ይቆጣል። በመካከል የሰውዬው ሕመም ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ ቪዲዮው መደበቅም መታዘዝም የለበትም፤ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ መመሪያ እንዴት እንደሚቀመጥ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሕክምና ላይ ላሉና ሊጀምሩ ለሚያስቡ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ ቤተሰብ ይከተላል፤ የመጨረሻዎቹ ለሥነ ልቦና አማካሪዎች፣ ለሳይካትሪ ነርሶችና ለሐኪሞች ናቸው። አንዱ የሌላውን ክፍል ቢያነብ መልካም ነው። በምሳሌነት የማነሣቸው ሰዎች ከብዙ ታሪክ የተዋሐዱ እንጂ አንድ የታወቀ ሰው አይደሉም።

ቪዲዮው እንዴት እርስዎ ጋ ደረሰ?

ይህ ሳይገባ ቀሪው አይሠራም። ቲክቶክንና እሱን የመሰሉ መተግበሪያዎች እርስዎን አይመረምሩም። የሚከታተሉት ጣትዎ የት ላይ እንደቆመ ነው። አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካዩ፣ ደግመው ካዩት፣ ለጓደኛ ካስተላለፉት፣ የሚመስለው ሌላ ይቀርብልዎታል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌሊት ስለ እንቅልፍ ማጣት ጥቂት ቪዲዮዎች ቢያይ፣ ውሎ ሲያድር ስልኩን በከፈተ ቁጥር ጭንቀት፣ ድብርትና የልጅነት ቁስል ይደረደሩለታል። ያን ጊዜ «የሚያወሩት ሁሉ ስለ እኔ ነው» የሚል ስሜት ያድርበታል። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ የሕመም ማስረጃ ግን አይደለም።

በዚያ ላይ ብዙ ሰው እንዲያየው የተሠራ ቪዲዮ ብዙ ሰው ራሱን የሚያገኝበትን ምልክት ይመርጣል፦ ቁልፍ መርሳት፣ ሥራን ለነገ ማሳደር፣ ሰው በበዛበት ቦታ መድከም። እነዚህ በሕመም ውስጥ አሉ፤ በጤነኛ ሰው ቀን ውስጥም አሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት በቲክቶክ ስለ ኤዲኤችዲ ከሚያወሩት መካከል እጅግ የታዩ 100 ቪዲዮዎችን መርምሮ 52 በመቶው አሳሳች መሆናቸውን አግኝቷል። ጠቃሚ የተባሉት 21 በመቶ ነበሩ፤ የቀሩት የሰዎች የግል ገጠመኞች ናቸው። ቪዲዮው በአማርኛ ሲቀዳ ስሕተቱም አብሮ ይቀዳል።

ደረጃ 1፦ ቪዲዮውን አያጥፉት፤ ይመዝግቡት

ብዙ ሰው ባለሙያ ፊት ከመቅረቡ በፊት ያየውን ያጠፋል፤ ያፍራል። እንዳያጠፉት። አንድ ደብተር ይያዙና ያቆመዎት ቪዲዮ ባጋጠመ ቁጥር አራት ነገር ይጻፉ። የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደያዘዎት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ በዚያ ቀን ምን እንዳጋጠመዎት፣ ካዩ በኋላ ምን እንዳደረጉ።

ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ አንዲት ወጣት እንውሰድ። «ባይፖላር ነኝ» ብላ ነው የመጣችው። ደብተሯ ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «ሌሊት 8 ሰዓት። ‹አንድ ቀን ዓለምን የምትገለብጪ ይመስልሻል፤ በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት ያቅትሻል› የሚለው። የማታ ፈረቃ ጨርሼ ገብቼ ነበር። ከእህቴ ጋር በቤት ኪራይ ተጣላን። እስኪነጋ ሌላ ሌላ ሳይ ቆየሁ።» በሌላ ገጽ ደግሞ ፈረቃ የተቀየረበት ሳምንት፤ በሌላም እንደዚሁ። ገጾቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስሜቷ የሚወርደው እንቅልፏ በተገለባበጠ ሳምንት መሆኑ ይታያል። በባይፖላር ውስጥ የሚታየው የስሜት መጋል ግን በአንድ ቀን የሚመጣና በማግሥቱ የሚሄድ አይደለም፤ ሙሉ መልኩን ሲይዝ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቀለል ሲል ደግሞ ቢያንስ አራት ቀን ይቆያል፤ ሰውየው ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም ሳይሰማው ይነሣል፤ ንግግሩ ይፈጥናል፤ ገንዘብ ይበትናል። ልጅቱ እንቅልፍ ስታጣ ትደክማለች፤ ታለቅሳለች። ሕክምናው በፈረቃዋ፣ በእንቅልፏና ከእህቷ ጋር ባላት ነገር ይጀምራል። ይህን ያሳየው ደብተሯ ነው፤ ለደብተሩ መነሻ የሆነው ደግሞ ቪዲዮው ነው።

ደረጃ 2፦ ስሙን ወደ ጥያቄ ይመልሱት

ከመመሪያው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። የያዙትን ስም ለጥቂት ቀናት ወደ ጎን ይበሉና በሚከተሉት ጥያቄዎች ራስዎን ይመርምሩ።

ከመቼ ጀምሮ? ብዙ ባለሙያ የሚጠቀምበት፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ ለኤዲኤችዲ ጥብቅ መስፈርት አለው፤ በርከት ያሉ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት አለባቸው፤ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለባቸው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በቤትም በትምህርት ቤትም ወይም በሥራም መታየት አለባቸው። ለወሎ ልጆች ይህ ጥያቄ ልዩ ክብደት አለው። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ አሁን 12ኛ ክፍል ወይም ዩኒቨርሲቲ ያሉት ልጆች ታዳጊዎች ነበሩ። አንዱ «ትኩረት የለኝም፤ አንድ መስመር አሥር ጊዜ አነባለሁ» ይላል። እስከዚያ ዓመት ድረስ ግን ደረጃ ይወጣ ነበር። በር ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ሌሊት ነቅቶ ያዳምጣል፤ ቤተሰቡ በእግሩ ወደ ገጠር የሸሸበትን መንገድ በሕልሙ ያያል። የዚህ ልጅ አእምሮ ዘብ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ምልክት ከአንድ ወር በላይ ከቆየ የሚታሰበው ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ነው፤ ሕክምናውም ከኤዲኤችዲ ሕክምና የተለየ ነው። በተሳሳተው ስም መንገድ ቢሄድ ዓመቱን ያባክናል።

ምን ያህል ጊዜ? ድብርት ለመባል ከዘጠኙ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ፣ ለ2 ሳምንት መቆየት አለባቸው፤ ከአምስቱ አንዱም የስሜት መከፋት ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። ሐሙስ ከፍቶዎት ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር ስቀው ከሆነ አዝነዋል እንጂ ገና ለዚያ ስም አልደረሱም። ሐዘኑም ቢሆን መነገር ይገባዋል።

ምን አስቀረብዎት? ክፍል ቀሩ? ሥራ ተዉ? ጎረቤት ቡና ሲጠራ መሄድ አቆሙ? ለቅሶ መድረስ ከበደዎት? በእኛ አገር ሰው መታመሙ ከራሱ ቀድሞ ለጎረቤት የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ባለሙያውም ከማንኛውም ስም ይልቅ ይህን ማወቅ ይፈልጋል።

ሌላ ምን አለ? ይህን ጥያቄ አንድም ቪዲዮ አይጠይቅዎትም ማለት ይቻላል። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ ያቁነጠንጣል፤ በማግሥቱ ደግሞ ስሜትን ይጥላል። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ይመታል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ከጭንቀት ጋር ይምታታል። የደም ማነስ ያደክማል። በቅርቡ የወለደች እናት እንባዋ ለሳምንታት ካልቆመ የራሱ ስምና ሕክምና አለው። ስለዚህ የደም ምርመራ ሲታዘዝልዎት «የመጣሁት ለጭንቀቴ ነው፤ ይህ ምን ያደርግልኛል?» አይበሉ።

ደረጃ 3፦ ተናጋሪውን ይመዝኑ

ማንም ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ «የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ» ማለት ይችላል። የት እንደሚሠራ ይናገራል? ያለ ምርመራ ማወቅ የማይችለውን ነገር ለይቶ ይናገራል? ምልክቶቹን ከዘረዘረ በኋላ የሚሸጠው ኮርስ፣ የክፍያ ቴሌግራም ቻናል ወይም ቅጠል አለው? በቀጥታ ሥርጭት የደወለችን ሴት በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሕመም ስም ከሰጣት፣ በተቆጠሩ ቀናት እፈውሳለሁ ካለ፣ መድኃኒት አቁሙ ካለ ወይም ሰው ራሱን የሚጎዳበትን መንገድ በዝርዝር ከተናገረ ያንን ገጽ ይተዉት።

ሕመሙን ያለፈበት ሰው የሚናገረው የግል ታሪክ ከዚህ ይለያል። ብቻዎን እንዳልሆኑ ያሳያል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የእሱ ምርመራ የእርስዎ ምርመራ አይደለም፤ የእሱ መድኃኒትም የእርስዎ አይደለም።

የሚቀርብልዎትን ለመቀየር ቪዲዮው ላይ ጣትዎን ጥቂት ይያዙ፤ ከሚመጡት ምርጫዎች መካከል ይህን እንደማይፈልጉ የሚናገሩበት አለ። ቲክቶክ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቪዲዮ ዝርዝሩን ከባዶ የሚያስጀምር ምርጫም በቅንብሩ ውስጥ አስገብቷል። ሌሊት ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጭ ማሳደር ግን ከሁለቱም የበለጠ ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ መድኃኒት ላይ እጅዎን አያሳርፉ

ይህ ደረጃ ድርድር የለውም። ሊቲየም፣ ቫልፕሮየት፣ ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ፍሉኦክሴቲን፣ አሚትሪፕቲሊን፤ የሚወስዱት የትኛውንም ቢሆን ቪዲዮ አይተው አያቁሙ፣ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። በድንገት ሲቆም የተረጋጋው ሕመም ሊመለስ ይችላል፤ ቫልፕሮየት ለሚጥል በሽታ የሚወስድ ሰው ካቆመ ሊጥለው ይችላል። ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃሉ፤ «አምስት ቀን ወሰድኩ፤ ምንም የለም» ብሎ መጣል ገና ያልጀመረውን ሕክምና መተው ነው።

አንዳንዱ ቪዲዮ እውነት ይናገራል። «ቫልፕሮየት ለፅንስ አደገኛ ነው» የሚል ከሰሙ እውነት ነው። ቢሆንም በራስዎ ከማቋረጥ ይልቅ እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፤ የሚቀየርበት ሥርዓት አለው።

ጠበልና ጾምን በተመለከተ፣ ከእምነትዎ እንዲወጡ የሚጠይቅዎት የለም። ግን ይናገሩ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ ወይም ብዙ ጠበል ጠጥቶ ካስመለሰውና ካስቀመጠው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሊጠራቀም ይችላል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ይመጣል፤ ሕይወትም ያሰጋል። ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ ወይም መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በዓል ከመጓዝዎ በፊት፣ የመውሰጃ ሰዓቱን ከባለሙያው ጋር ይነጋገሩና ለጉዞው የሚበቃውን መድኃኒት ይያዙ። ኢማሙም የነፍስ አባቱም መድኃኒት እንደሚወስዱ ቢያውቁ ይደግፉዎታል እንጂ አይነቅፉዎትም፤ ብዙዎቹን እንዲህ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ደረጃ 5፦ ገብተው ምን ይበሉ?

የተራው ሰዓት አጭር ነው፤ ውጭ ሰልፍ አለ። ዋናውን ነገር ሊወጡ የበሩን እጀታ ሲይዙ ሳይሆን እንደተቀመጡ ይናገሩ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ዶክተር፣ አንድ ቪዲዮ አይቼ ስለ ራሴ ተጠራጠርኩ። ስሙ ትክክል ነው ወይም አይደለም ከማለትዎ በፊት የጻፍኩትን ላንብብልዎት።» ባለሙያው ቢያቋርጥዎት ወይም ቢስቅ ቅር ሳይልዎት «ስሙን እንተወው፤ እንቅልፌንና ትምህርቴን ይዩልኝ» ይበሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚህ ይቃናል። ካልተቃና ሌላ ባለሙያ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ይመስልዎታል? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ልብ ብዬ ልከታተል? መልሱን ያው ደብተር ላይ ይጻፉት።

ለቤተሰብ

«ልጄን ስልክ ነው የበላብኝ» የምትል እናት ልጇን እየወደደች ነው የምትናገረው፤ ስልኩን መንጠቅ ግን ልጅቱ የምትናገርበትን ብቸኛ አፍ እንደ መዝጋት ይሆናል። «እስቲ አንዱን አሳዪኝ» ብለው አጠገቧ ይቀመጡ። እስከ መጨረሻው ይዩት። ከዚያ «የቱ ነው አንቺን የሚመስለው?» ይበሉ። ሃያ ደቂቃ እንዲህ መቀመጥ የአንድ ዓመት ጭቅጭቅ የማያወጣውን ነገር ሊያወጣ ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ስም ለቅጣት ሲውል ነው። «ባሌ ናርሲሲስት ነው፤ ቪዲዮው ላይ ያሉት ምልክቶች ሁሉ አሉበት» የምትል ሴት አለች። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሲሄድ ባልየው ቃሉን ይዞ ይከራከራል፤ ጠቡ በቃሉ ላይ ይሆናል። ስለዚህ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» የሚለው ይቅርና «ምን አደረገ?» ይጠየቅ። ደመወዟን ይወስዳል? ዘመድ እንዳትጠይቅ ይከለክላል? ይመታታል? ያስፈራራታል? ይህ ሲጠየቅ አንዳንድ ጊዜ ስሙ ይረግፍና መነጋገር ያጡ ሁለት የደከሙ ሰዎች ይቀራሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከስሙ ሥር ዱላ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ከማንኛውም ሽምግልና በፊት የሴትዮዋና የልጆቿ ደኅንነት ይቀድማል። «የቲክቶክ ወሬ ነው» ተብሎ የታለፈ ዱላ እንዳይኖር እለምናለሁ።

ለባለሙያዎች

ደረጃ 6፦ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ

እኛ ካልጠየቅን አብዛኛው ሰው አይነግረንም። ከእንቅልፍ፣ ከጫትና ከአልኮል ጥያቄዎች ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «ስለዚህ ጉዳይ በስልክ ያዩት ወይም የሰሙት ነገር አለ? ምን አሉ?» ይኸው ጥያቄ ስለ ጠበል፣ ስለ ወዳጃና ስለ ሽማግሌ ምክርም ይነሣ። ሰው ሕመሙን የሚረዳበት መንገድ ብዙ ነው፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ መጠየቅ ፍርድ ይመስላል። መልሱን በካርዱ ላይ በታካሚው ቃል ይጻፉት።

ደረጃ 7፦ መጀመሪያ ይስሙ፤ ከዚያ በራስዎ መንገድ ይመርምሩ

«ቲክቶክ ሐኪም ሆነ እንዴ?» የሚለው መልስ በሩን ይዘጋል። በዚያ ፈንታ «ሲያዩት ምን ተሰማዎት? ቀለለዎት ወይስ ፈሩ?» ብለው ይጠይቁ። የቀለለው ሰው ለዓመታት «ሰነፍ» ሲባል ኖሮ ይሆናል። የፈራው ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል የተኛ ዘመድ አይቶ «እኔም እንደዚያ ልሆን ነው» ብሎ ይሆናል። ሁለቱም መልሶች ከስሙ የበለጠ ይናገራሉ።

ከዚያ ምርመራው ከመጀመሪያው ይጀመር፤ ቪዲዮውን ለማጽደቅም ለማፍረስም መሆን የለበትም። በአማርኛ ተፈትሾ ሥራ ላይ የዋለው ባለዘጠኝ ጥያቄው የድብርት መለያ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው። ይህ መለያ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። ቪዲዮ ያየ ሰው ምልክቶቹን አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው እያንዳንዱን «አዎ» በምሳሌ ማስደገፍ ይገባል፦ «ባለፈው ሳምንት የሆነውን አንድ ቀን ይንገሩኝ።»

የኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን ያስተማረን አንድ ነገር አለ። በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በካናዳና በአሜሪካ በድንገት የሚወራጩና ቃል የሚያፈነዱ ታዳጊዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ወደ ክሊኒክ በብዛት መጡ፤ ብዙዎቹ የቱሬት ሕመም (ሰው ሳይፈልግ የሚወራጭበትና ድምፅ የሚያወጣበት ሕመም) ያለባቸውን ሰዎች ቪዲዮ ይከታተሉ ነበር። ሐኪሞቹ ሲመረምሩ በብዙዎቹ ላይ ያገኙት ቱሬትን አልነበረም። ልጆቹ ግን አላስመሰሉም፤ ሰውነታቸው በእርግጥ ይወራጭ ነበር፤ ከሥሩም ጭንቀትና ድብርት ይገኝ ነበር። ዛር፣ የሚጥል በሽታና በጭንቀት የሚመጣ መውደቅ ጎን ለጎን በሚታዩበት በወሎ የምንሠራ ሰዎች ይህን ለመረዳት ቅርብ ነን። «ሕመሙ እውነት ነው፤ ስሙ ግን ሌላ ነው» ማለት እንችላለን።

ደረጃ 8፦ በስሙ ሳይስማሙ ሲቀሩ

አለመስማማትን መደበቅ አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በታካሚው ትክክል የሆነውን ይናገሩ፣ ቀጥሎ ልዩነቱን፣ ከዚያ የሚደረገውን። ለምሳሌ፦ «ትኩረትህ መበላሸቱን በትክክል አይተሃል፤ ደብተርህም ያንኑ ያሳያል። እኔ ግን የጀመረበትን ጊዜ ሳይ መነሻው ያ የጦርነት ወቅት ይመስለኛል። ለስድስት ሳምንት በእንቅልፍህና በድንጋጤህ ላይ እንሥራ፤ ትኩረትህ ካልተመለሰ የአንተን ሐሳብ እንደገና እናነሣዋለን።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለማባበል የሚነገር አይሁን፤ ከልብ ይሁን። ታካሚዎች ትክክል ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለና፤ በተለይ በልጅነታቸው ዝም ብለው ስለተቀመጡ ብቻ ማንም ያላያቸው ሴቶች።

ደረጃ 9፦ ስለ ሞት የሚያወሩ ቪዲዮዎች

ታካሚው ራስን ስለ ማጥፋት ወይም ራስን ስለ መጉዳት የሚያወሩ ይዘቶችን እያየ ከሆነ በቀጥታ ይጠይቁ፦ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? እንዴት እንደሚያደርጉት አስበዋል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። አዎ ካሉ ብቻቸውን አይላኩ፤ በታካሚው ፈቃድ፣ አደጋው ቅርብ ከሆነም የግድ፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይጠሩ፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የጦር መሣሪያና የተጠራቀመ መድኃኒት ከቤት ይውጣ ወይም ይቆለፍበት፤ በዚያው ቀን የድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይላኩ። ይህን ለሚያነብና በዚህ ሐሳብ ውስጥ ላለ ሰው፦ ዛሬ ለአንድ ለሚቀርብዎት ሰው ይንገሩ፤ አብሮዎት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ደረጃ 10፦ የራስዎ ገጽ

ብዙ ወጣት ባለሙያዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ማስተማር ጀምረዋል። ያስፈልጋሉ፤ መልካሙን ይዘት እኛ ካልሠራነው ሌላው ይሠራዋል። ግን ደሴ ትንሽ ናት፤ ሐይቅና መርሳ ደግሞ ያንሳሉ። «በቅርቡ ከአንድ ገጠር የመጣች፣ ባሏ ሾፌር የሆነ፣ መንታ የወለደች እናት» ብሎ ታሪክ መናገር ስም ከመጥራት አይለይም፤ ከሸዋበር እስከ ቧንቧ ውሃ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ስም መቀየር አይበቃም፤ ታሪኩ ራሱ መዋሐድ አለበት፤ ካልተቻለ ይተው። ታካሚ ቢፈቅድም እንኳ ፈቃዱ በሐኪሙ ፊት ካለ እፍረት የመጣ ሊሆን ስለሚችል አይቸኩሉ።

ያልመረመሩትን ሰው ስም አይስጡ፤ ታዋቂ ሰው ቢሆንም፣ በቀጥታ ሥርጭት የደወለ ቢሆንም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን በ1973 እ.ኤ.አ. የሥነ ምግባር ደንብ አድርጎታል፤ ለእኛም ይሠራል። የታካሚን የጓደኝነት ጥያቄ በተመለከተ በመጀመሪያው ቀን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፦ «በፌስቡክ ጓደኝነት አልቀበልም፤ የምሸሸው እርስዎን ሳይሆን ምስጢርዎን ለመጠበቅ ነው። ገበያ ላይ ብንገናኝም ቀድመው ሰላም ካላሉኝ አላነጋግርዎትም።» ሌሊት በቴሌግራም ለሚላክ መልእክትም መልስ የሚሰጥበት ሰዓትና አስቸኳይ ሲሆን የሚሄዱበት ቦታ ይነገር።

በስክሪን ላይ ካለችው ፈገግተኛ አማካሪ ጋር መወዳደር ያደክማል። እሷ በአንድ ደቂቃ እንባ ታስመጣለች፤ እርስዎ ደግሞ ከሠላሳ ታካሚ በኋላ አንድ ሰው «እሷ እኮ ገባት» ይልዎታል። ይህን እንደ ስድብ ከመውሰድ «እሷ ካለችው የቱ ነው የገባዎት?» ብለው ይጠይቁ። ሌሊት የተሳሳቱ ቪዲዮዎችን እያዩ መልስ በመጻፍ አያንጉ፤ ነገ ጠዋት ለሚመጣው ሰው ያስፈልጋሉ።

ደረጃ 11፦ ከአራት ሳምንት በኋላ

በክትትል ቀጠሮው ላይ ቪዲዮው እንደገና ይነሣ፤ አንዴ ተነጋግሮ መተው ነገሩን ወደ ድብቁ ይመልሰዋል። አሁን ስልኩን ሲከፍቱ ምን ይቀርብልዎታል? ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ይዘጉታል? ያ ስም አሁንም ይመስልዎታል? መልሱ ከእንቅልፍ ሰዓቱ፣ ከመድኃኒቱና ከመለያው ነጥብ ጎን በካርዱ ላይ ይጻፍ። ታካሚው ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሲላክ ከላኪው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ታካሚው ስለ ሕመሙ ከማኅበራዊ ሚዲያ ይህን ሰምቷል፤ በዚህ ላይ ተነጋግረን እዚህ ደርሰናል።» ተቀባዩ ባለሙያ ከዚያው ይቀጥላል።